ሥዕል ይዞ ገበያ መውጣት
ለአሜሪካ የጎዳና አርት ፌስቲቫል ለሚሰናዳ ሠዓሊ

እናቴ ደብረ ብርሃን ገበያ ባና ትሸጥ ነበር። ቅዳሜ ሌሊት ተነስታ መደቧን የምትይዘው ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትዞር፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አስባ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቼ ስመረቅ ይህ ዕውቀቷ ለእኔ ሥራ ይጠቅመኛል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ከዓመታት በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ከተማ አደባባይ ላይ፣ ድንኳኔ በነፋስ ተነስቶ የጎረቤቴ ሸክላ ሠሪ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ግን መጀመሪያ የታወሰችኝ እናቴ ናት።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ እየኖራችሁ፣ የሥራ ቀናችሁን በሌላ ሥራ አሳልፋችሁ ማታ ማታ ለምትሥሉ፣ ሥዕሉም ቤት ውስጥ ተደርድሮ ቦታ ላጣበበባችሁ ሰዎች ነው። ቅዳሜና እሑድ መንገድ ተዘግቶ ነጭ ድንኳን በሚደረደርባቸው አርት ፌስቲቫሎች ላይ 9 ዓመት ቆሜአለሁ። የከሰርኩባቸውን ዓመታት እናንተ እንዳትደግሟቸው በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ የትኛው ገበያ ነው?

አርት ፌር ሲባል ሁለት የማይገናኙ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ጋለሪዎች መደብ ተከራይተው የሚቀርቡበት ነው። ሞሮኳዊቷ ቱሪያ ኤል ግላዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ውስጥ የጀመረችው «1-54» ከዚህ ወገን ነው፤ ስሙ አንድ አህጉር፣ 54 አገሮች ለማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት የኢትዮጵያ ሠዓሊዎችን ሥራ ይዞ የሚሄደው እንዲህ ወዳሉት ነው። እዚያ ሠዓሊው በጋለሪው በኩል ይገባል እንጂ ድንኳን ተሸክሞ አይሄድም።

የእኛ ጉዳይ ሁለተኛው ነው፤ ሠዓሊው ራሱ አመልክቶ፣ ራሱ ጭኖ፣ ራሱ ተክሎ፣ ራሱ የሚሸጥበት። ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር ከ1960 ጀምሮ በየጁላይ መንገዶቿን ለሠዓሊ ትዘጋለች። ዴንቨር ያለው ቸሪ ክሪክ ከ1991 ወዲህ በጁላይ 4 ሰሞን ይካሄዳል። ማያሚ ኮኮናት ግሮቭ በፌብሩዋሪ ነው። ለዋሽንግተን አካባቢ ሰው የቅርቦቹ ሜይ ላይ ቤተስዳ፣ ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ሠዓሊው በአካል መገኘት ግዴታው ነው። ወንድሜን ወይም የአክስቴን ልጅ እልካለሁ ማለት አይሠራም፤ ሲገባ መታወቂያ ይጠየቃል።

ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ዓመት ባዶ እጃችሁን ሂዱ። የምትሄዱበት ሰዓት ግን ወሳኝ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ሁሉም ቦታ ሰው ይሞላል፣ ያ አያታልላችሁ። እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ (በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው) መውጫው አጠገብ ቁሙና የሚወጣውን ሰው እጅ ተመልከቱ። የተጠቀለለ ሥዕል ነው የያዘው ወይስ ሎሚናት? ግማሽ ሰዓት ቆጥራችሁ ሎሚናቱ ካሸነፈ ያ ቦታ የሽርሽር ቦታ ነው፣ ተዉት።

ብዙዎች የሚጠይቁኝ የራሳችንን በዓል ነው። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ዓመታዊ ውድድር ላይ መደብ ይዤ አውቃለሁ። ሰው የሚመጣው ለኳስና ለናፍቆት ነው፤ ክትፎ፣ ሻይ፣ የቡድን ማሊያ ይሸጣል። ከትልቅ ሸራ ይልቅ ትንንሽ ነገር ሸጬ ተመለስኩ፣ ዘመድ አገኘሁ፣ አልከፋኝም። ነገር ግን ጊዜው ከቸሪ ክሪክ ጋር የሚገጥም ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ዓመት አይያዙም፤ ለኪሳችሁ ነው ወይስ ለነፍሳችሁ የምትሄዱት የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ።

ማመልከቻው፦ ዳኛው የሚያየው ፎቶ ነው

አብዛኞቹ ፌስቲቫሎች የሚቀበሉት «ዛፕ» በሚባለው ድረ ገጽ በኩል ነው። አንዴ ተመዝግባችሁ ፎቶዎቻችሁን ካስገባችሁ በኋላ ለየፌስቲቫሉ የማመልከቻ ክፍያ እየከፈላችሁ ትልካላችሁ፤ ከ25 እስከ 50 ዶላር አካባቢ ነው። ብትወድቁም አይመለስም። የመደቡ ኪራይ ደግሞ ካለፋችሁ በኋላ የሚከፈል ነው፤ ብዙ ጊዜ ብዙ መቶ ዶላር ይሆናል፣ የማዕዘን ቦታ ከፈለጋችሁ ተጨማሪ አለው።

የሚጠየቀው ባብዛኛው ከ3 እስከ 5 የሥራ ፎቶና አንድ የመደብ ፎቶ ነው። ዳኞቹ የሁሉንም አመልካቾች ፎቶ በተርታ እያዩ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለአንድ ሰው የሚተርፈው ሰከንዶች ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ይህን አላወቅኩም። ሁሉንም እችላለሁ ለማለት አንድ የላሊበላ መልክዐ ምድር፣ አንድ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አንድ የፊደል ረቂቅ ሥዕል፣ አንድ የሴት አያቴን መልክ ላክሁ። ሦስት ቦታ ወደቅሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉን መቻል ያስመሰግናል፤ ዳኛ ፊት ግን አራት ሰዎች ተሰብስበው ያመለከቱ ነው የሚመስለው። አራቱ ሥዕሎች የአንድ እናት ልጆች ይሁኑ። ቀለማቸው፣ አሠራራቸው፣ ጉዳያቸው ሲደረደሩ እንዲተዋወቁ አድርጋችሁ ምረጡ፤ ምርጥ የምትሉት ሥዕል ከሌሎቹ ጋር ካልተስማማ እሱን አስቀሩት። ያማል፣ አውቃለሁ።

ሥዕሉን ያለ ፍሬም፣ ግድግዳው ሳይታይ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ አንሱት። ውጪ፣ ዳመና ባለበት ቀን፣ ጥላ ውስጥ። ፍላሽ የዘይት ቀለምን ያብለጨልጨዋልና አጥፉት።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚንቀው ወደ መደቡ ፎቶ ልምጣ። አዲስ አመልካች የሚጣለው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የእኔ የመጀመሪያ ፎቶ ላይ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ልጄ ከፊት ቆሞ ይስቃል፣ ከላይ ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ለቤተሰብ አልበም ጥሩ ነበር። ደንቡ ግን ዳኛው የማን ሥራ እንደሆነ እንዳያውቅ ስምም ሰውም እንዳይታይ ይላል። እኔ ደንቡን ያነበብኩት ከወደቅሁ በኋላ ነው። ድንኳኑን ጓሮ ውስጥ ወይም ባዶ ፓርኪንግ ላይ ትከሉ፤ ሦስቱን ግድግዳ ዝጉ፣ ፊቱን ክፈቱ። ከ6 እስከ 8 ሥዕል ብቻ ስቀሉ፤ ትልቁን መሐል ላይ፣ ከላካችኋቸው ሥራዎች ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ እንዲታዩ አድርጋችሁ። የዋጋ ወረቀት፣ ሳጥን፣ የውኃ ጠርሙስ፣ ከታች የሚንጠለጠል ጨርቅ አይታይ። መሬቱ ይጠረግ።

አጭር መግለጫም ይጠየቃል። ብዙ ቃል አይፈቀድም፣ እሰየው። እንዴት እንደምትሠሩት ጻፉ፦ አክሪሊክ በሸራ፣ በስንት ድርብ፣ በምን መሣሪያ። «የሰው ዘር መገኛ ከሆነችው አገሬ ተነስቼ» ብሎ መጀመር ይቅር፤ እኔም ጽፌው ነበር።

ስንት ቦታ ማመልከት ይገባል ለምትሉ፣ እኔ በዓመት 8 አመልክቼ 3 ካለፍኩ ጥሩ ዓመት ነው እላለሁ። ተጠባባቂ ሆናችኋል የሚል መልስ ከመጣ እንደ ውድቀት አትቁጠሩት፤ ሰው ሲቀር ስልክ ይደወላል። በተጠባባቂነት ከገባሁባቸው አንዱ እስካሁን ከሁሉ የበለጠ የሸጥኩበት ነው።

ድንኳኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክብደቱ

የሚሰጣችሁ ቦታ ብዙውን ጊዜ 10 በ10 ጫማ ነው፤ በሜትር 3 በ3 ገደማ። ድንኳኑ ነጭ ይሁን፤ ብዙ ቦታ ግዴታም ነው። ሰማያዊ ወይም ቀይ ጣሪያ ብርሃኑን ቀለም ስለሚቀባው ሥዕላችሁ ሌላ ሥዕል ይሆናል። በርካሽ ዋጋ የሚገኘው ተጣጣፊ ድንኳን ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ቧንቧው ወፍራም የሆነ፣ ጣሪያው ክብ ሆኖ ዝናብ የማያቁር ድንኳን ግዙ። ሥዕሉ የሚሰቀልበት ደግሞ የሽቦ መረብ ወይም በምንጣፍ ጨርቅ የተሸፈነ ፓነል ነው። ፓነሉ ያምራል፣ ግን ውድና ከባድ ነው፣ ያለ ቫን አይንቀሳቀስም። እኔ በመረቡ ጀምሬ ግራጫ ጨርቅ አለበስኩት፤ ማንም ልዩነቱን ጠይቆኝ አያውቅም።

ስለ ነፋስ ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ግድግዳው የተዘጋ ድንኳን ማለት የጀልባ ሸራ ማለት ነው። አስፋልት ላይ ችካል አይመታም። ብዙዎቹ ፌስቲቫሎች በእያንዳንዱ እግር ቢያንስ 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ፣ ክብደት እንድታስሩ ያዝዛሉ። የእኔ የመጀመሪያ ዘዴ በየእግሩ የውኃ ጋሎን ማንጠልጠል ነበር። አንድ ጋሎን ውኃ 8 ፓውንድ ከምናምን ነው። ሁለት ሁለት አንጠልጥዬ ተረጋግቼ ሳለሁ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንድ ነፋስ መጣ፤ ጋሎኖቹም አብረው በረሩ። የጎረቤቴ 11 ማሰሮ ተሰበረ። ሒሳቡን ከፈልኩ። ያን ቀን ከሸጥኩት ይበልጥ ነበር።

ዛሬ የምጠቀመው ራሴ የሠራሁትን ነው። ከግንባታ ዕቃ መደብር 4 ኢንች ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ገዝታችሁ በ3 ጫማ ርዝመት አስቆርጡ፤ ሥሩን በክዳን ዝጉ፣ ሲሚንቶ ከአሸዋና ጠጠር ጋር ሙሉበት፣ ሳይደርቅ አናቱ ላይ ማንጠልጠያ መንጠቆ ክተቱ። አንዱ ወደ 40 ፓውንድ ይመዝናል። በገመድ ወይም በጠፍር ከድንኳኑ የላይኛው ማዕዘን ታስሮ ይወርዳል፤ ሥሩ መሬት ነክቶ፣ ወገቡ ላይ ደግሞ ከእግሩ ጋር ይታሠር። እንዲወዛወዝ ከተተወ ራሱ መዶሻ ይሆንና እግሩን ይሰብራል። እኔ አሁን በየእግሩ ሁለት ሁለት አስራለሁ። የሚስቁብኝ አሉ፤ አዲሶች ናቸው።

ሌሊት ድንኳኑ እዚያው ያድራል። ሸራዎቹ ከጎን ግድግዳው ጋር እንዳይነካኩ አድርጋችሁ ተዉ፤ ጤዛና ዝናብ የሚገባው በዚያ ነው። ትንንሾቹንና ውዶቹን ወደ መኪና መልሱ።

ምን ይዤ ልውጣ? በስንት?

ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ግድግዳውን አንድ ጊዜ ተኩል የሚሞላ ሥዕል ይበቃል። አንድ ሲሸጥ የሚተካ ከጀርባ ይኑር፤ ባዶ ሚስማር ገዢን አይጠራም። አንድ በጣም ትልቅ ሸራ ይኑራችሁ፤ የማይሸጥ ቢሆንም እንኳ ሰውን ከመንገዱ ማዶ የሚጎትተው እሱ ነው። ሰው በትልቁ ተስቦ ይገባና በመካከለኛው ይወጣል።

ስለ ህትመት ቅጂ አቋም አለኝ። ብዙ ፌስቲቫሎች ይፈቅዳሉ፣ ግን ቅጂ መሆኑ ተጽፎበት፣ ተፈርሞና ተቆጥሮ፣ በአንድ ሳጥን ብቻ እንዲቀመጥ ይላሉ፤ ጭራሽ የሚከለክሉም አሉ። እኔ ትቼዋለሁ። 40 ዶላር የሚሸጥ ቅጂ ፊት ለፊት ካስቀመጣችሁ ሰው ሥዕሉን ይወድና ቅጂውን ገዝቶ ይሄዳል። በምትኩ 8 በ10 ኢንች የሆኑ ትንንሽ ኦሪጂናሎች እሠራለሁ። ሰው «የእጅ ሥራው ራሱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አዎ ማለት የሚሰጠው ደስታ ሌላ ነው።

ዋጋን በስሜት አታውጡ። ርዝመቱን በስፋቱ አባዙና ለአንድ ካሬ ኢንች የተወሰነ ሒሳብ ያዙ። ለምሳሌ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብትሉ፣ 8 በ10 የሆነው 120፣ 16 በ20 የሆነው 480፣ 24 በ30 የሆነው 1,080 ዶላር ይወጣዋል። ፍሬም ካለው የፍሬሙን ጨምሩ። እንዲህ ስታደርጉ ሰው «ይኼ ለምን ከዚያኛው ተወደደ?» ቢል መልስ አላችሁ። የምትወዱት ሥዕል ላይ ዋጋ የምትቆልሉ ከሆነ ደግሞ መሸጥ አልፈለጋችሁም ማለት ነው፤ ቤት አስቀሩት።

ዋጋው ተጽፎ ይለጠፍ። አብዛኛው ሰው እዚህ አገር ዋጋ መጠየቅ ያፍራል፤ ካልተጻፈ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ያልፋል። እሑድ ማታ ላይ ዋጋ አታውርዱ። ቅዳሜ በሙሉ ዋጋ የገዛቻችሁ ሴትዮ ከውሻዋ ጋር በዚያው መንገድ ልታልፍ ትችላለች።

ግብርን አጭር ላድርገው። ሜሪላንድ ላይ የሽያጭ ታክሱ 6 በመቶ ነው፤ ሰሜን ቨርጂኒያም እንዲሁ 6። በሌላ ስቴት ስትሸጡ ለዚያ ዝግጅት ጊዜያዊ ፈቃድ ወይም ቅጽ ያስፈልጋል፤ አዘጋጆቹ ብዙውን ጊዜ አስቀድመው ይልኩላችኋል፣ ኢሜይላችሁን አንብቡ። የነዳችሁትን ማይል በሙሉ መዝግቡ፤ ለ2025 አይ አር ኤስ የተቀበለው ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ነበር፣ «ስኬጁል ሲ» ላይ ወጪ ሆኖ ይገባል። ካርድ መቀበያው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ቤት ሳላችሁ አስተካክሉት፤ ሺህ ሰው አንድ መንገድ ላይ ስልክ ሲከፍት መስመሩ ይሞታል። ዝርዝር ብርም ያዙ።

ቀኑ ሲደርስ

ዕቃ የሚወርደው ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ አውርዱ፣ መኪናውን አርቁ፣ ከዚያ ትከሉ። ድንኳን እየተከለ መኪና ያቆመ ሰው ቀኑን ሙሉ የሃምሳ ሰው ጠላት ሆኖ ይውላል። ጋሪ፣ መሰላል፣ መቀስ፣ የፕላስቲክ ማሠሪያ፣ ፎጣና ወፍራም ላስቲክ አይቅሩ።

ግራና ቀኝ ካሉት ጎረቤቶቻችሁ ጋር መጀመሪያ ሰላምታ ተለዋወጡ። ሽንት ቤት ስትሄዱ መደባችሁን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። እኔ ዳቦ ቆሎ ይዤ እሄዳለሁ፤ የማሰሮዎቹ ባለቤት ዛሬ ድረስ ስታየኝ መጀመሪያ የምትጠይቀው ነፋሱን፣ ቀጥሎ ዳቦ ቆሎውን ነው። ወጥ ግን ድንኳን ውስጥ አትብሉ። ዘይት የነካው ጣት ሸራ ላይ ምን እንደሚሠራ ለእናንተ አልነግርም።

አሁን ወደ ዋናው ችግራችን እንግባ፤ ስሙ ይሉኝታ ነው። የእኛ ሠዓሊ መደቡን አሳምሮ ይጨርስና ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ጥግ ይቀመጣል፣ ስልኩን ያያል። የራስን ሥራ ማሞገስ ነውር ነው ተብለን አድገናል። ሰው ሲገባ ቀና ብለን ፈገግ እንልና መልሰን እንቀበራለን። ገዢው ይህን ትሕትና ብሎ አይተረጉመውም፤ ባለቤቱ መሸጥ አልፈለገም ወይም ባለቤቱ ሌላ ነው ይላል። እናቴ ባናዋን አሞግሳ አታውቅም። ግን ብድግ ትልና ትዘረጋው ነበር፣ «ንኪው እስቲ» ትል ነበር፣ ሱፉ የየት በግ እንደሆነ ትናገር ነበር። ማሞገስና ማስረዳት የተለያዩ ናቸው። እኔ ይህን ለመለየት አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ስለዚህ ቁሙ፤ ካልቻላችሁም ቁመታችሁን ከቆመ ሰው ዓይን ጋር የሚያስተካክል ረጅም ወንበር ግዙ። ሰው ሲገባ «ልርዳዎት?» አትበሉ፤ መልሱ «እያየሁ ነው» ነው፣ ወሬውም እዚያው ያልቃል። ሰውየው የቆመበትን ሥዕል አይታችሁ ስለዚያ ሥዕል አንድ እውነት ተናገሩ፦ «ይህቺ ሴትዮ ቅቤ ሻጭ ናት፤ አረንጓዴው ቅቤው የተጠቀለለበት የኮባ ቅጠል ነው።» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ ግን አትሙሉት። ሰውየው ከሥዕሉ ጋር የሚነጋገረው በዚያን ጊዜ ነው።

ፊደል የምትሥሉ ከሆነ «ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ይመጣል፤ መልስ ይኑራችሁ፣ ምንም አይልም ከሆነም ምንም አይልም በሉ። ሥዕል የሚያውቅ ጎብኚ ደግሞ በፊደል የሚሥለውን ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ሊያነሳ ይችላል፤ ዋሽንግተን ላይ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረውን ስክንድር ቦጎሲያንንም የሚያስታውሱ አሉ። ከእነሱ ምን እንደወሰዳችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ። እኔ ፊደል መሣል ያቆምኩት ይህን ጥያቄ ስመልስ የራሴ እንዳልሆነ ስለሰማሁት ነው።

«ሥራህን ወድጄዋለሁ» የሚለው ቃል እዚህ አገር ሰላምታ ነው፤ ደስ ይበላችሁ፣ ግን አትቁጠሩት። ገዢ የሚታወቀው በሌላ ነው፦ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ባለቤቱን ይጠራል፣ ስለ ግድግዳና ስለ ሶፋ ያወራል። ሶፋ ሲባል አትቀየሙ። ሥዕላችሁ ከሶፋ ጋር የሚኖር ነው፣ ከተቺ ጋር አይደለም።

«እመለሳለሁ» ባዮች የዚህ ሙያ ቀልድ ናቸው። ከ10 ሰው 1 ቢመለስ እግዜር ይስጥልኝ ነው። ሥዕሉ የታተመበት ካርድ ላይ መጠኑንና ዋጋውን ጽፋችሁ ስጡ፤ ጎረቤቴ ሸክላ ሠሪዋ የ6 ወር ዕድሜ ባለው ካርድ ስትሸጥ አይቻለሁ።

የሀገር ሰው ሲመጣስ? አንዴ ነጠላ የደረቡ እናት ከልጃቸው ጋር ገቡ። ቅቤ ሻጯ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙና «ለእኛ ስትል ስንት ትላለህ፣ ልጄ?» አሉኝ። አሜሪካዊ ደንበኛ አጠገቤ ቆሟል፣ አማርኛ ባይገባውም የዋጋ ክርክር በማንኛውም ቋንቋ ይገባል። «እማማ፣ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው፤ ግን ቤትዎ ድረስ አምጥቼ እኔው እሰቅልልዎታለሁ» አልኳቸው። ተስማሙ። ሥዕሉን ልሰቅል ሄጄ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤታቸው መጡ፣ ሌላ ሥዕል አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ለሀገር ሰው የምቀንሰው ዋጋ የለም፤ የምጨምረው ሥራ ግን አለ።

ሲያልቅ

ሰዓቱ ሳይደርስ ማፍረስ ክልክል ነው፤ ዝናብም ቢሆን። ያለ ፈቃድ የሄደ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይጠራም። መጀመሪያ ሥዕሉን ጠቅልሉ፣ ከዚያ መኪና አምጡ። ፊት ከፊት፣ ጀርባ ከጀርባ ገጥማችሁ መሐሉ ካርቶን አስገቡ።

ያን ማታ ደክሟችሁም ቢሆን ሒሳቡን ጻፉ። አንዱን የእኔን ላሳያችሁ፦ ማመልከቻ 35፣ መደብ 525፣ የቫን ኪራይ 190፣ ነዳጅ 85፣ ሁለት ሌሊት ሆቴል 310፣ ምግብ 60፤ ድምር 1,205 ዶላር። የሸጥኩት 1,640። በእጄ ላይ 435 ዶላር ቀረ ብዬ ልደሰት ስል የሸራ፣ የቀለምና የፍሬም ዋጋ ታወሰኝ። ሽያጩ የመደቡን ኪራይ 5 እጥፍ ካልሆነ ሆቴል የሚጠይቅ ፌስቲቫል ለእኔ አያዋጣኝም፤ ይህ ነው መለኪያዬ። በመኪና ተመልሼ ቤቴ የማድርበት ከሆነ ግን በ3 እጥፍም እሄዳለሁ። ሁለት ዓመት በተከታታይ የማያዋጣ ቦታ ምንም ያህል ሰዉ ደግ ቢሆን ሰርዙት።

የጸደይና የበጋ ፌስቲቫሎች ማመልከቻ በብዛት የሚዘጋው ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ጓሮው በረዶ ይለብሳል፣ ዛፉም ይራገፋል፣ ፎቶው አያምርም። ድንኳን ከጎረቤትም ቢሆን ተዋሱና በዚህ ሳምንት፣ ዳመና ያለበትን ቀን ጠብቃችሁ፣ የመደቡን ፎቶ አንሱ። ልጆቹን ከፊት አስወግዱ።